የእናቴ እንሰትና የማህበሩ ምሰሶ

ልጅ እያለሁ፣ ሆሳዕና ከተማ አጠገብ፣ ሌሞ ውስጥ ባለችው መንደራችን የምናጠናው በኩራዝ ነበር፤ ጠዋት ትምህርት ቤት የምንደርሰው አፍንጫችን በጥላሸት ጠቁሮ ነው። ከዚያ የመንደሩ ሰው የመብራት ማህበር መሠረተ። ወንዙ ላይ ትንሽ ተርባይን ተተከለች፤ ምሰሶው ከየጓሮው ባሕር ዛፍ ተቆረጠ፤ ጉድጓዱም በደቦ ተቆፈረ። ኃይሉ ትንሽ ስለነበር ለአንድ ቤት የሚደርሰው አንድ አምፖል ብቻ ነው። ለእኛ ለልጆቹ ግን ከበቂም በላይ ነበር፤ በደስታ ልናብድ ደረስን።

ሽቦው እኛ ቤት እንዲገባ አንዱ ምሰሶ እንሰታችን መሃል መቆም ነበረበት። የማህበሩ ሊቀ መንበር አቶ ኤርጊቾ አባቴን ጠየቁት። አባዬም ደረቱን ነፍቶ "ቁረጡት!" አላቸው። አይ አባዬ! በእኛ አገር የእንሰት አዛዧ ሴት ናት፤ ወንድ ሳያስፈቅዳት አይነካውም። እናቴ ገጀራ የያዙትን ሰዎች ስታይ እንሰቷ ፊት ቆመች።

"ማን ፈቀደላችሁ?"

"አባወራው።"

"እሱን ብሎ ፈቃጅ! ቆጮ ሲያምረው ማንን ነው የሚጠይቀው?"

ሰዎቹ ሳቃቸውን አፍነው ተመለሱ። እኔ ግን ጎረቤት ሁሉ ሲያበራ እኛ ብቻ በጨለማ ልንቀር ነው ብዬ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

በማግስቱ አቶ ኤርጊቾ ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። እናቴን በእኔ ስም ጠርተው፣ "የአስቴር እናት፣ አጥፍተናል። እንሰቱ ያንቺ ነው" አሏት።

"አሁን ወግ ነው" አለች እናቴ። "እንሰቱን መጀመሪያ ሴቶቹ ለቆጮ ይፋቁታል። አምፖሉም የሚሰቀለው እኔ የምሠራበት ማዕድ ቤት ነው።"

ከእንግዳ ወንበሩ በላይ ሊሰቅለው ያሰበው አባዬ መሬት መሬት እያየ "እሺ" አለ።

የፍቂያው ቀን ሠርግ ይመስል ነበር። ሴቶቹ እየዘፈኑ ፋቁ፣ ወንዶቹ ጉድጓዱን ቆፈሩ፤ በቡላ፣ በቅቤና በወተት የተሠራውን አታካና ጣታችንን እስክንልስ በላን። ሲመሽ አምፖሉ ቦግ አለ። ማዕድ ቤት ገብቶ የማያውቀው አባዬ ወንበሩን ተሸክሞ መጣ! ከዚያ ወዲህ ጥናቱም፣ ጸሎቱም፣ ጨዋታውም እናቴ አጠገብ ሆነ።

ዛሬ ሆሳዕና ከተማ ባለው ቤቴ ውስጥ በየክፍሉ አምፖል አለ፤ ልጆቼም በየክፍላቸው ናቸው። ያ መሰባሰብ በጣም ይናፍቀኛል። ትናንት ማታ የማዕድ ቤቱን ብቻ አስቀርቼ ሁሉንም መብራት አጠፋሁ። "እማዬ፣ መብራት ሄደ እንዴ?" እያሉ አንድ በአንድ ብቅ አሉ።

"እዚህ አለ" አልኳቸው፤ "ኑ፣ ተቀመጡ።"