ለኦክስጅኑ የተለየ ዛፍ

ልጄ ሳንባዋን ታማ የተኛችበት ሆስፒታል ስዊቾቹን የገዛው እኔ ከምሠራበት ትንሽ ድርጅት ነው። ስዊች የኔትወርክ ገመዶች የሚገናኙበት ሳጥን ነው። በውስጡ ላለው ቺፕ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ የምጽፈው እኔ ነበርሁ። ሥራውን የጀመርሁት እሷ ሳትታመም ነው። አብዛኛውን የሠራሁት ግን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ክረምት ነበር፤ ፍልሰታ ገብቷል።

ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው ሕንፃ የራጅ ክፍሉና የኦክስጅን ቤቱ አሉ። ኦክስጅኑ ከዚያ በቱቦ ወደ ሕፃናት ክፍል ይመጣል። ግፊቱ ሲወርድ በኔትወርኩ በኩል ማስጠንቀቂያ ይላክና ነርሷ ጠረጴዛ ላይ ባለው ስክሪን ይወጣል። ማስጠንቀቂያው ከዘገየ የሚታወቀው የልጆቹ ከንፈር ሲጠቁር ነው። ልጄ በገባች ማግሥት እንደዚያ ሆነ። ከንፈሯን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ሲስተር ሮጣ ሲሊንደሩ እስኪቀየር ምን ብዬ እንደጸለይሁ አላስታውስም። ተረፈች። ማስጠንቀቂያው ስክሪኑ ላይ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ለምን እንደዘገየ አውቅ ነበር። ሁለቱን ሕንፃዎች የሚያገናኙ ሁለት ገመዶች አሉ፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲያገለግል። ሁለቱም አንድ ላይ ከተከፈቱ ግን መልእክቱ ክብ እየዞረ ይባዛና ሁሉንም ያንቃል። ስለዚህ ስዊቾቹ እርስ በርስ ተነጋግረው አንዱን ይዘጉታል። የሚቀረው መንገድ ዛፍ ይባላል፤ ቅርንጫፉ ሁሉም ጋ ይደርሳል፣ ዞሮ ግን አይገጥምም። የእኛ ስዊች የሚያውቀው አንድ ዛፍ ብቻ ነበር። አንደኛው ገመድ ለሁሉም ነገር ተዘግቶ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በሌላው የራጅ ምስሉ፣ ካሜራውና የልጄ ኦክስጅን ይጋፋሉ።

ቺፑ ብዙ ዛፍ መያዝ ይችላል። የሚነግረው አልነበረም እንጂ። የእኔ ሥራ ያን ድራይቨሩ ላይ መጨመር ነበር፤ ለራጁ አንድ ዛፍ፣ ለኦክስጅኑ ሌላ ዛፍ፣ ለአንዱ የተዘጋው ገመድ ለሌላው ክፍት እንዲሆን።

ኢንተርኔት ተዘግቷል። የምጠይቀው ሰው የለም። ቀደም ብዬ ያወረድሁት የቺፑ መመሪያ ብቻ ነበረኝ፤ እሱም ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አይናገርም። አንድ ነገር አስቸገረኝ። ገመድ ሲዘጋ ቺፑ በዚያ በኩል ያወቃቸውን አድራሻዎች መርሳት አለበት፤ አለዚያ መልእክቱን ወደ ተዘጋው ገመድ ይልከዋል። የእኔ ድራይቨር ግን የአንዱ ዛፍ መንገድ ሲለወጥ የሁሉንም ያስረሳ ነበር። ራጁ በተነካ ቁጥር ኦክስጅኑም አብሮ ይደናገራል። የተለወጠውን ዛፍ ብቻ እንዲረሳ ማድረግ ቀናት ወሰደብኝ። ልጄ ስትስል አቆምና ጀርባዋን እደግፋለሁ። ስትተኛ እቀጥላለሁ።

አጠገባችን ባለው አልጋ ከእሷ የሚያንስ ወንድ ልጅ ተኝቶ ነበር። እናቱ ከሐይቁ ዳር የመጣች ሙስሊም ናት፤ ባሏ ጀልባ ይሠራል። የእኔን ሥራ ታይና ትስቅ ነበር።

«እህቴ፣ ቀኑን ሙሉ የምታፈጪበት ምንድን ነው?»

«ለኦክስጅኑ መንገድ እየለየሁ ነው።»

«መንገድ መክፈት ካወቅሽስ የመራዊውን ክፈችልን።»

የሲሊንደር መኪና የሚመጣው በመራዊ በኩል ነበር። መንገዱ በግጭቱ ምክንያት ከተዘጋ ሰንብቷል።

የሙከራው ቀን ደረሰ። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ስዊቾቹ ያሉበት ክፍል ሆኖ አዲሱን ድራይቨር ጫነ። እኔ ልጄን ለአልጋ ጎረቤቴ አደራ ብዬ፣ ቅርብ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ለጠዋት ጸሎት ሄድሁ። አንድ ነገር እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። የስዊች ገመድ የሚሰካበትን ቀዳዳ ፖርት እንለዋለን። ፖርት ሲዘጋ በእኛ መሥሪያ ቤት «አረፈች» ይባላል። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እኔም እለው ነበር።

ስልኬ ሲንቀጠቀጥ ወደ ደጁ ወጣሁ።

«እትዬ፣ የሕፃናት ክፍሏ አርፋለች። ነይና እይው» አለኝ። መስመሩም ተቋረጠ።

እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። «ልጄ» አልሁ። ከዚያ በላይ የጠየቀኝ የለም። ደጁ ላይ የነበሩት ሴቶች ነጠላዬን ለኀዘን አዘቅዝቀው አለበሱኝ። በብብቴ ደግፈው እያለቀሱ እስከ ሕፃናት ክፍል ወሰዱኝ።

ልጄ ቱቦው አፍንጫዋ ላይ እንዳለ ትራስ ተደግፋ ብርቱካን ትልጣለች።

«እማ፣ ነጠላሽን ለምን እንዲህ ለበስሽ?»

ጎረቤቴ እኔንም የመጡትንም ሴቶች ተራ በተራ አየች።

«የእናንተ ሬሳ ብርቱካን ትልጣለች እንዴ?» አለች።

ካመጡኝ ሴቶች አንዷ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። እኔ ተመስገን አልሁ።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ፣ በእመቤቴ ይቅር በይኝ። እኔ ፖርቷን ነው ያልሁት።»

«ሁለተኛ ያን ቃል እንዳትናገር።»

«ምን ልበል ታዲያ? ተዘጋች?»

«በል።»

«ተዘጋች ካልሁማ ሰው ኢንተርኔቱን መስሎት፣ እሱ መቼ ተከፍቶ ያውቃል ይለኛል።»

«እንግዲያው ትጠብቃለች በል።»

እውነትም የተዘጋች ፖርት የሌላ ሰው መልእክት አታሳልፍም እንጂ ከወዲያኛው ስዊች የሚመጣውን ትሰማለች። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ እንላለን።

ሙከራው ራሱ ተሳክቶ ነበር፤ ያቺ ፖርት የተዘጋችው ለራጁ ዛፍ ብቻ ነው። የራጁ ምስል በአንዱ ገመድ እየጎረፈ ማስጠንቀቂያው በሌላው ሳይዘገይ ደረሰ። ደግመን ደጋግመን አየነው።

እውነተኛው ማስጠንቀቂያ የመጣው በዚያው ሳምንት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ግፊቱ መውረድ እንደጀመረ ስክሪኑ ጮኸ። የማንም ልጅ ከንፈር አልጠቆረም። ሲስተር ጊዜ አገኘች። ወደ ኦክስጅን ቤቱ ሄዳ ስትመለስ ግን ፊቷን አይቼ ገባኝ። የሚቀየር ሲሊንደር የለም። መኪናው ከመራዊ ማዶ፣ ቆጋ አካባቢ ቆሟል።

ለክፉ ቀን በየጥጉ የተቀመጡ ትንንሽ ሲሊንደሮች ነበሩ። ለአልጋው ሁሉ አይበቁም። አንዱን ለልጄና ለጎረቤቴ ልጅ አካፈለችው፤ ከአንድ ሲሊንደር ሁለት ቱቦ፣ በየቱቦው መነሻ አንድ ብርጭቆ፣ በየብርጭቆው ውስጥ ትንሽ ኳስ። አየሩ ሲበረታ ኳሷ ወደ ላይ ትወጣለች። የሁለቱም ታች ነበሩ። እኔና ጎረቤቴ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ኳሶቹን እናያለን። እሷ ቁርአኗን ትቀራለች፣ እኔ የራሴን እደግማለሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጇ መተንፈስ አቆመ። ሲስተርና ሐኪሙ ብዙ ደከሙ፤ አልተመለሰም። ከዚያ ሲስተር እጇን የእሱ ቱቦ መዝጊያ ላይ አድርጋ ቆመች። መዝጋት ከበዳት።

«ዝጊው» አለቻት እናቱ። «ያቺ ትተንፍስ።»

ሲዘጋ የልጄ ኳስ ከፍ አለች። አየሁት። እሷም አየችው።

በማግሥቱ ልጄን ለእህቴ ትቼ ለቅሶ ሄድሁ። ቤታቸው ከሐይቁ ዳር ነው፤ ግቢው ውስጥ ያላለቀ ጀልባ በጎኑ ተጋድሟል። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። የልጁን እናት ከመሃላቸው አገኘኋት። አመሰግናለሁ ለማለት አፈርሁ፤ ዝም ማለትም አልሆነልኝም። «እግዜር ያጽናሽ» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ።

«ያ የምትጽፊው ነገር ሠራ ወይስ አልሠራም?»

«ሠርቷል። መልእክቱ በጊዜ ደርሷል። ያልደረሰው ሲሊንደሩ ነው።»

«ልጅሽስ?»

«ዛሬ ጠዋት ቱቦውን አወጡላት። በራሷ ትተነፍሳለች።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ጠጋ ብላም ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ።