አባቴ ደህና ነው ያልኩበት ፈተና

ይህ ገጠመኝ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ በዚያ ጠዋት ከሞተ ሠላሳ ዓመት የሆነውን አባቴን ዓይኔን በጨው አጥቤ "ደህና ነው" ስላልኩ ነው። የዋሸሁት ደግሞ ነፍሴን ልታተርፍ የምትሞክርን ሰው ነው።

የምኖረው ኤምሬትስ፣ አል ዓይን ከተማ፣ ፈላጅ ሃዛ የሚባል ሰፈር ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ የጥበቃ ፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ተማሪ ሳለሁ የድራማ ክበብ አባል ስለነበርኩ እስከ ዛሬ "ተዋናይ መሆን ነበረብኝ" እያልኩ ሰው አሰለቻለሁ። ይህን ወሬ ደጋግማ የሰማችው የአገሬ ልጅ ሰላማዊት አንድ ቀን "በል እንግዲህ ወንዴ፣ ችሎታህን አሳየን" አለችኝ።

ሰላማዊት የምትሠራው አንድ ሆስፒታል የሥልጠና ክፍል ውስጥ ነው። ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩትን ሬዚደንት ሐኪሞች በምን መንገድ ቢያሠለጥኗቸው እንደሚሻል ጥናት ይዘው ነበር። ግማሾቹ በድሮው መንገድ፣ ግማሾቹ በአዲሱ ሠልጥነዋል። ከዚያ ሁሉም አንድ ዓይነት በሽተኛ ይመረምሩና ውጤታቸው ይወዳደራል። በሽተኛው ለሁሉም እኩል እንዲሆን ታማሚ መስሎ የሚተውን ጤነኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህን ሐኪሞቹም ያውቃሉ። ጤነኛው ሰው እንግዲህ እኔ መሆኔ ነው።

አንድ ገጽ ጽሑፍ ተሰጠኝ፤ በቃሌ ያዝኩት። ዕድሜዬ ሠላሳ አምስት፣ የመጋዘን ሠራተኛ፣ ሆዴን ካመመኝ ሦስት ቀን። ሌላ በሽታ የለብኝም፤ አባትና እናቴ ጤነኞች ናቸው። ከወረቀቱ ውጭ ንቅንቅ ማለት አይፈቀድም። ጥናቱ እስኪያልቅም ከሐኪሞቹ ጋር መነጋገር ክልክል ነው፤ ፈርሜበታለሁ።

በዕለቱ አልጋ ላይ ተጋደምኩ። ፈታኙ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ይከታተላል። ለእያንዳንዱ ሐኪም ስምንት ደቂቃ ተሰጥቶት ነበር። አራቱ ተራ በተራ ገብተው ሆዴን ተጫኑ፣ እኔም አቃሰትኩ፣ ጽፈው ወጡ። ሦስተኛው ላይማ እንባዬ ሁሉ መጥቶ ነበር፤ በራሴ ኮራሁ።

አምስተኛዋ ዶክተር ሂባ የምትባል ሱዳናዊት ነበረች። ሆዴን መርምራ ስትጨርስ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አደረገች። ዝም ብላ አዳመጠች። ቦታ ቀይራ እንደገና አዳመጠች። ከዚያ "እስቲ ቁጢጥ ይበሉ፤ አሁን ደግሞ ይነሱ" አለችኝና ተነስቼ ስቆም ለሦስተኛ ጊዜ አዳመጠች። ፊቷ ተለወጠ።

"ደረጃ ሲወጡ ዓይንዎን ጨለም ብሎብዎት ያውቃል?"

ያውቃል። በሙቀቱ አሳብቤ ትቼው ነበር። "በፍጹም" አልኳት።

"ከቤተሰብዎ ሳያረጅ፣ ሳይታመም፣ ድንገት የሞተ ሰው አለ?"

"የለም። አባቴም እናቴም ደህና ናቸው።"

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እባክዎ፣ የወረቀቱን ተዉትና የራስዎን ይንገሩኝ" አለችኝ።

ልታጠምደኝ መሰለኝ። እኔ ደግሞ የድራማ ክበቡ ሰው፣ ጭራሽ ፈገግ ብዬ "ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ዶክተር" አልኳት። ደወሉ ጮኸ። ማዳመጫውን በእጇ እንደያዘች ወጣች።

አባታችን የሞተው እኔ የአሥራ አንድ፣ ታናሽ ወንድሜ ጌቱ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለን ነው። ከሥራ ሲመለስ ከሰፈራችን በላይ ያለው አቀበት ላይ ቁጭ አለ፤ በዚያው አልተነሳም። ጎረቤቱ ሁሉ "ምች ነው" አለ፤ እኛም ምች ነው ብለን አደግን። አርባ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። እኔ በዚያ አልጋ ላይ ስተኛ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር።

ከእሷ በኋላ ሦስት ሐኪሞች ገቡ። ልቤን ያዳመጠ የለም፤ የታመምኩት ሆዴን ነዋ! እኔ ግን ማቃሰቱ አልሆን አለኝ።

ሁለት ቀን ለማንም አልተናገርኩም። ፊርማዬን አፈርሳለሁ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ በላይ የፈራሁት ግን መልሱን ነው። በሦስተኛው ቀን ሥራ ቦታ ሁለተኛ ፎቅ ስወጣ ዓይኔ ጨለመ፤ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አባቴም እንዲህ ነው ቁጭ ያለው ስል አሰብኩ። እዚያው ተቀምጬ ለሰላማዊት ደወልኩላት።

"አባትህ በስንት ዓመቱ ነው የሞተው?" አለችኝ። ነገርኳት። "እኔ እኮ ነኝ ያ ወረቀት ላይ ያስፈረምኩህ" አለች። ቀጠለችና "ኸላስ፣ በቃ፣ ጥናቱ ገደል ይግባ! ከዚያ እንዳትነቃነቅ፣ መጣሁ" አለችኝ።

ወስዳ ከዶክተር ሂባ ፊት አቆመችኝ። ልጅቷ ሆዱን አሞት የመጣን ሰው ልቡን ስታዳምጥ ጊዜ ፈጀች ተብላ ነጥብ ተቀንሶባት ነበር። "አባቴ ሞቷል" አልኳት በቁሜ። አልተቆጣችኝም። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና "ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በየኮሪደሩ ስፈልግዎ ነበር፤ ስምዎን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ" አለችኝ።

መኪና እንዳልነዳ ስለተከለከልኩ አቡ ዳቢ ድረስ የወሰደኝ የሰላማዊት ባል ነው። በልብ አልትራሳውንድ ሲታይ የልቤ ግድግዳ ወፍሯል፤ በዘር የሚወረስ ነው አሉኝ። ልቤ ምቷን ብትስት የሚመልሳት ትንሽ መሣሪያ ከቆዳዬ ሥር ቀበሩልኝ። ሐኪሙ የአባቴም አሟሟት ይኸው ሳይሆን እንዳልቀረ ከነገረኝ በኋላ "ወንድም እህት አለህ?" ሲል ጠየቀኝ።

በሽተኛው የእውነት በሽተኛ ሆኖ ስለተገኘ የዚያን ቀን የእኔ አልጋ ውጤት በሙሉ፣ የእሷም የተቀነሰ ነጥብ ጭምር፣ ከጥናቱ ተሰረዘ። ዶክተር ሂባ ስትነግረኝ ሳቀች፤ እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ጌቱ ያለው ኮምቦልቻ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እሁድ እሁድ ጠዋት ከሰፈሩ ጤና ቡድን ጋር ኳስ ይጫወታል። ተመርመር ብዬ ለመንኩት። "ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የሚሮጥ ሰው ልቡ ምን ይሆናል? ዓረብ አገር አሞላቅቆሃል" ብሎ ሳቀብኝ። ይኸው ዓመት ሆነው፣ አልሄደም።

ስለ ራሴ መፍራት ትቻለሁ። እሁድ ጠዋት ግን ስልኬን ይዤ ከመቀመጥ በቀር ምንም አልሠራም። ጨዋታው ሲያልቅ እደውላለሁ። አንዳንዴ ቶሎ ያነሳል፣ አንዳንዴ ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል፤ ከዚያ ተመልሶ እስኪደውል ያለውን ጊዜ ለጠላቴም አልመኘውም።

ጌቱ፣ ይህን ካነበብክ ሰኞ ሂድ። ስለ አባታችን ሲጠይቁህ፣ ምች ነው እንዳትላቸው።