ሸክላ ሠሪዋን ያስቀደመው የጂንካ አዳራሽ እቅድ

ከሥዕል ትምህርት ቤት ስመረቅ ምድቤ ጂንካ ሆነ። ጓደኞቼ ለቅሶ የሚደርሱ ይመስል እየተመላለሱ አጽናኑኝ። እኔ ግን አልከፋኝም። አዲስ አበባ ብቀር ከበላዬ አሥር ሰው ይኖር ነበር፤ ጂንካ ግን አንድ ኃላፊ ብቻ። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ እኔም ገና ወጣት ብሆንም ሥራዬን እንደምችለው አውቅ ነበር።

የባህል ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ፣ እዚያው ጂንካ አጠገብ ከአሪ ገበሬ ቤተሰብ የተወለደ ረጋ ያለ ሰው ነው። በደረስኩ ማግሥት ከቢሮው ጀርባ ወስዶ አንድ የቆርቆሮ ቤት ከፈተልኝ። ድሮ የእህል መጋዘን ነበረ። ግድግዳው ላይ ከአንድ የትራክተር ፖስተር በቀር ምንም የለም።

"የኤግዚቢሽን አዳራሻችን ይኼ ነው" አለኝ። "የመጪውን ዓመት እቅድ እስከ ወሩ መጨረሻ አዘጋጂልኝ። ምን እንደምናሳይ፣ መቼ እንደምናሳይ።"

"ዛሬ ያሉ ሰዎች ዛሬ የሚሠሩትን ብናሳይስ?"

"ባህላዊ ዕቃ ማለትሽ ነው?"

"የቆየ ዕቃ አይደለም ያልኩት። ሠሪው በሕይወት ያለ፣ መጥቶ ከሥራው አጠገብ መቆም የሚችል።"

ትንሽ አሰበና "እስኪ ጻፊውና እንየው" አለ።

ሦስት ሳምንት ዞርኩ። ቀይ አፈር ወደምትባለው ከተማ ገበያ ወርጄ የተቀረጹ ቅሎች አየሁ። በእንስሳት ክትባት መኪና ካንጋተን ድረስ ሄጄ፣ የዚያ አገር ወንዶች ቀን ተቀምጠውባቸው ሲተኙ የሚንተራሷቸውን የእንጨት ብርኩማዎች በደብተሬ ሣልኩ። ትልቁን ነገር ያገኘሁት ግን እዚያው ጂንካ ገበያ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ከሌሎቹ ነጋዴዎች ራቅ ብለው ማሰሮ ይሸጣሉ። የማሰሮዎቹ ትከሻ ላይ ቀጭን ጭረት ይዞራል፤ ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ ሳይዛነፍ ይገጥማል። አራት ዓመት ሥዕል ተምሬ እንዲህ ያለ መስመር ያለ ማስመሪያ በእጄ ብቻ ማስመር አልችልም ነበር።

ሴትዮዋ ለምን ለብቻቸው እንደተቀመጡ ኃላፊው ነገረኝ። በዚያ ጊዜ ሸክላ የሚሠሩ ቤተሰቦች ከገበሬው ጋር አይጋቡም፤ ገበሬው ቤትም አይገቡም። ማሰሯቸውን ሁሉም ይገዛል፣ ከእጃቸው ግን ውሃ የሚጠጣ የለም። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

"እናቴ፣ ማሰሮዎን አዳራሽ ውስጥ አስቀምጠን ሰው እንዲያየው እፈልጋለሁ።"

"ማሰሮ ለምን ይታያል? ውሃ ይቀዱበታል እንጂ" አሉኝ። ቆየት ብለው ደግሞ "እኔስ? እኔ ውስጥ እገባለሁ?" ብለው ጠየቁ።

"መጀመሪያ የሚገቡት እርስዎ ነዎት።"

እቅዴ ላይ አራት ትርኢት ጻፍኩ። መጀመሪያ የሴትዮዋ ሸክላ፣ ከዚያ የቀይ አፈር ቅሎች፣ ከዚያ የተማሪዎች ሥዕል፣ በመጨረሻ የካንጋተን ብርኩማዎች። እቅዱን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ፊት ሳቀርበው አንድ ካድሬ ወረቀቱን ገፋ አደረገው።

"የአንዲት ሸክላ ሠሪ ማሰሮ ዓመቱን ይከፍታል? ሕዝቡ ከዚህ ምን ይማራል?"

"ጓድ፣ የእጅ ባለሙያ የሚናቅበት ጊዜ አልፏል ብላችሁ በየስብሰባው ትናገራላችሁ" አልኩት። "እኔ ደግሞ ያላችሁትን ነገር ሰው በዓይኑ እንዲያየው ላደርግ ነው።"

ኃላፊዬ ፈገግታውን ለመደበቅ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ። ካድሬውም ብዙ አልተከራከረኝም፤ የትራክተሩ ፖስተር እንዳይነሳ ብቻ አስጠነቀቀኝ። እሺ ብዬ ከበሩ ጀርባ ሰቀልኩት።

የመክፈቻው ዕለት ሴትዮዋ ማሰሮዎቹን ከልጃቸው ጋር ተሸክመው በጠዋት መጡ። የበሩ ደፍ ላይ ቆም ብለው አዩኝ። እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ረፋድ ላይ አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ የቢሮ ሠራተኛው መሰብሰብ ጀመረ፤ ነገር ግን አንድ የተከበሩ የአሪ ሽማግሌ በሩ ላይ ሲደርሱ ሴትዮዋን ውስጥ አይተው ቆሙ። ሌላውም ከኋላቸው ቆመ። ሽማግሌው የኃላፊዬ አጎት ናቸው። ሴትዮዋ እስኪወጡ እንደሚጠብቁ ገባኝ። እኔ ብናገር የእንግዳ ንግግር ነው የሚሆነው።

ኃላፊዬ በሰዉ መሃል አልፎ ገባ። ሴትዮዋ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና በአሪ ቋንቋ አንድ ነገር አላቸው። ሴትዮዋ ደነገጡ። ያንኑ ደገመላቸው። ተነሥተው ለማሳያ ውሃ ከተሞላው አንድ ማሰሮ በቅል ቀዱ፤ በሁለት እጃቸው ሰጡት። አጎቱ እያዩት ጥርግ አድርጎ ጠጣ።

 ሽማግሌው ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡ። ውሃውን አልጠየቁም። ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ ዞረው አዩና ከሴትዮዋ ጋር ሁለት ቃል ተነጋገሩ።

"ምን አሏቸው?" አልኩት ኃላፊዬን።

"'ይኼን መስመር በምን ሠራሽው?' አሏቸው። 'በጥፍሬ' አሉ እሳቸው" አለኝ። ከሽማግሌው በኋላ ውጭ የቆመው ሁሉ ገባ።

ከአራቱ ትርኢቶች ሦስቱ ተሳኩ። ለብርኩማዎቹ የላክነው መኪና ግን በዝናብ ምክንያት መንገድ ተቆርጦበት ባዶውን ተመለሰ፤ ሪፖርቴ ላይ "አልተከናወነም" ብዬ ጻፍኩ። በመካከሉ አርባ ምንጭ ላይ ለሚደረግ ኤግዚቢሽን ማሰሮዎቹን ላኩልን ተባልን።

"ማሰሮዬ ብቻውን አይሄድም" አሉ ሴትዮዋ።

ከሾፌሩ ጎን ጋቢና ተቀምጠው ሄዱ። በሳምንቱ ሲመለሱ እንዴት እንደነበረ ጠየቅኳቸው።

"አዳራሹ ትልቅ ነው። መስኮቱ ግን በመጥፎ በኩል ነው፤ መስመሩ አይታይም። የእኛ ይሻላል።"

ትክክል ነበሩ። የእኛ መስኮት የጠዋት ብርሃን ከጎን ያስገባል። የሚቀጥለውን ዓመት እቅድ መጻፍ ስጀምር ቢሮዬ ድረስ መጡና ያለማንም ግብዣ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ወገባቸው ድረስ የሚደርሱ ጋኖች ሊሠሩ ማሰባቸውን፣ ለዚያ የሚሆነውን አፈር የት እንዳዩ፣ ለመድረቅ ስንት ሳምንት እንደሚፈልግ ነገሩኝ። እኔም እርሳሴን ቀርጬ መጻፍ ጀመርኩ።