ለማነጻጸሪያ የወሰድኩት በርበሬ

ወልቂጤ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ጎጃም ያለችው እናቴ ደውላ "ዛሬስ ከማን ጋር ዋልሽ?" ስትለኝ እዋሻለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ጉብሬ ካለው የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ተመልሼ በሬን ከዘጋሁ በኋላ የሚያንኳኳልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቤት አከራዬ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ የቀሩባቸው ሴት ናቸው። እራት ሲደርስ "ብቻዬን አይወርድልኝም፣ ተነሺ!" ይሉኛል። ከአንድ ትሪ እንበላለን።

ሥራዬ ሻጋታ ነው። ሰው ሲሰማ አፍንጫውን ይይዛል፤ ይያዝ! በርበሬና በቆሎ ላይ ከሚበቅለው ሻጋታ አንዳንዱ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም፤ በዓይን ግን አይለዩም። ስለዚህ ሻጋታውን ለይቼ አሳድጋለሁ፣ ዘረ-መሉ አዲስ አበባ ተልኮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነበባል።

ከቡታጅራ ገበያ ከሰበሰብኩት ጋር የማነጻጽረው አንድ ንጹሕ በርበሬ አስፈለገኝ። የማንን ልውሰድ? የእሳቸውን ነዋ! ወንድማቸው ከቡታጅራ በኩል የሚልክላቸው፣ ቀይ፣ አንዱም ያልተሰባበረ። የማይሰባበረው ጆንያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ውሃ ስለሚረጩት ነው። ለሻጋታ ደግሞ እርጥበት ሰርግና ምላሹ ነው፤ ይህንኑ ነው ተማሪዎቼን የማስተምረው። የእሳቸው ግን አይሻግትም አልኩ፤ ስለሚጣፍጠኝ። እኔን ብሎ ተመራማሪ!

ውጤቱ በኢሜይል መጣ። መርዙን የሚሠሩት ዘረ-መሎች አንድም ሳይጎድሉ የተገኙት ከእሳቸው በርበሬ ለይቼ ባሳደግኩት ሻጋታ ውስጥ ነበር።

ያን ማታ "ተነሺ" ሲሉኝ ተነሳሁ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት አጎረሱኝ። ለራሴ ምክንያት አላጣሁም፤ ዘረ-መሉ ሻጋታው መርዝ መሥራት እንደሚችል እንጂ መሥራቱን አይናገርም፣ መርዙ ራሱ እስኪለካ ዝም ልበል አልኩ። ይሄ እውነት ነው፣ የትኛውም ባልደረባዬ አይከራከረኝም። እኔ የፈራሁት ግን ሌላ ነው። ቢቀየሙኝስ? ማን ያንኳኳልኛል? ሦስት ሳምንት ሙሉ አብሬያቸው በላሁ።

መርዙ ተለክቶ ከሚፈቀደው በላይ ሲሆን ማምለጫ አጣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ ሲያሰጡ አጠገባቸው ቆሜ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ይቆጡኛል ስል ለወንድማቸው ደነገጡ፤ "ወይኔ፣ ልጆቹም ይበሉታል!" ብለው እዚያው ደወሉለት። ስልኩን ሲዘጉ ወደ እኔ ዞሩ።

"ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?"

"ሦስት ሳምንት።"

ሌላ ልብስ አንስተው ጨመቁ። "እኔም እኮ አብሬዎት ስበላ ነበር፣ እማማ" አልኳቸው።

"አንቺስ እያወቅሽ ነው የበላሽው" አሉኝ። "እኔን ማን ጠየቀኝ?"