ወደ ጅቡቲ የሄደችው ትንሿ ካሜራ

ያን ጊዜ ደሴ ፒያሳ ላይ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ክረምት ሲሆን ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ይሞላዋል፤ በደጄ የሚያልፈው ሰው ግማሹ ብቻ ነው የሚታየኝ። ጃንጥላ ያልፋል፣ ከሥሩ ጫማ ያልፋል፣ መካከል ላይ ያለው ሰውዬ የለም። እንዲህ ባለ ቀን ደንበኛ ስለማይመጣ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍና ሐሳብ እየተቀባበሉ ይወስዱኛል። ዛሬ ያንን ዘመን ሳስበው ግማሹ የሆነ፣ ግማሹ ያለምኩት ይመስለኛል። የካሜራዋን ነገር ግን አልረሳሁትም። ብረሳው ደስ ባለኝ።

ታላቅ እህቴ ጅቡቲ ነበረች። እኔ ገና ሰው ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ፊልም ሳጥብ፣ እሷ ከኮምቦልቻ በጭነት መኪና ተሳፍራ ሄደች። በሁለተኛው ዓመት አንድ ትልቅ ካሜራ በሰፈራችን ሾፌር እጅ ላከችልኝ። ሰው ያደረገኝ ያ ካሜራ ነው። ፎቶ ቤት የከፈትኩት፣ ሠርግ የተጠራሁት፣ «ባለሙያው» የተባልኩት በእሱ ነው። ጥቁር ብረት፣ ሌንሱ እንደ ሻይ ብርጭቆ የረዘመ፣ ሲያነሳ ቋ! ብሎ ሕፃን የሚያስደነግጥ። አንገቴ ላይ ሳንጠለጥለው ክብደቱን ኩራቱ ያስረሳኝ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ፓስፖርት አውጥቼ እህቴን ላያት ቆረጥኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ልብስ አይደለም፣ ስንቅም አይደለም፤ ትልቁን ካሜራ አንገቴ ላይ አድርጌ በሯ ላይ ስቆም ነው ያየሁት። የላከችልኝን ይዤላት ብሄድ ወግ ነው፣ ያኮራታልም። ይዞኝ የሚሄደው ያው ካሜራውን ያመጣልኝ ሾፌር ነበር። «ይህን ደረትህ ላይ አንጠልጥለህ ኬላ ላይ ብትወርድ ጋዜጠኛ ነህ ብለው ያውሉሃል» አለኝ። «ሙቀቱም አለ። በረሃ ላይ ብረት የሚሸከም ሰው የለም።»

እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። ሆኖም ቃሉ ሆዴ ውስጥ ስለቀረ አንድ ቀን ሰኞ ገበያ ወረድኩ። የኮንትሮባንድ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ፣ ከሬዲዮና ከባትሪ መካከል፣ የሸሚዝ ኪስ የምትገባ ካሜራ አገኘሁና ገዛኋት። ትልቁንም ይዤው ነበር። ሁለቱን ወስጄ አንዲት በርበሬ ሻጭ እናት ዘንድ ሄድኩ።

«እናቴ፣ እነዚህን ይመዝኑልኝ።»

ትልቁን ሚዛኑ ላይ ስታደርገው ሳህኑ ዘጭ አለ። የኪሎውን ድንጋይ ጨመረች፣ ግማሹን ጨመረች። «ይህን ተሸክሞ አገር የሚያቋርጥ ግመል ነው እንጂ ሰው አይደለም» አለች። ትንሿን ስታስቀምጥ ሚዛኑ ነቅነቅ ብሎ ዝም አለ። «ይቺማ ሁለት ራስ ሽንኩርት አትሞላም። ፎቶ ታነሳለች በል!»

ልቤን የነካኝ መጨረሻ ላይ ያለችው ነው። ትንሿ ካሜራ የልጅ መጫወቻ ትመስል ነበር። እሷን ይዤ ብሄድ እህቴ ምን ትለኛለች? ሁለቱንም በፌስታል ይዤ፣ ሳልወስን፣ ኮምቦልቻ እናቴ ዘንድ ወረድኩ። ከደሴ ስወርድ ሁልጊዜ እንደሚሆነው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉሙ ከኋላ ቀረ፤ ጠመዝማዛውን እየዞርን ስንወርድ ሙቀቱ ቀስ በቀስ እጄን፣ አንገቴን፣ ፊቴን ነካኝ። እዚያ መንገድ ላይ ሳልተኛ የማልምበት ጊዜ ብዙ ነው።

እዚህ ላይ የፎቶ ቤታችንን ወግ መናገር አለብኝ። ውጭ አገር ለሚላክ ፎቶ ሰው እንደ ኢድ ቀን ነው የሚለብሰው። የሌለው ከእኔ ኮት ይዋሳል። ከኋላው ባሕርና አውሮፕላን የተሳለበት ሸራ ይሰቀላል፤ አገጭ ቀና፣ ትንፋሽ ያዝ፣ እጅ ትከሻ ላይ። እጅ ማስቀመጥ የእኔ ሙያ ነበር። «እሱ እጅ ያሳምራል» ይሉኛል። እናቴንም በየዓመቱ ለእህቴ አነሳት ነበር። ጉልበቷ ከታመመ በኋላ ወንበር አስደግፌ አቆማትና ወንበሩን ከፎቶው ቆርጬ አወጣለሁ። እህቴ የምታውቀው እናቷ እንደ ጥንቱ ቀጥ ብላ እንደምትቆም ነው። የእህቴም ፎቶ በተራው ይመጣል፤ አበባ ያለበት ግቢ፣ አዲስ ሻርፕ፣ ፈገግታ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» የሚል ጽሑፍ ከጀርባው።

እናቴ ሁለቱን ካሜራዎች ሳሳያት አንዱንም አላየችም። ከሣጥኗ የእህቴን ፎቶዎች አውጥታ አልጋው ላይ ዘረጋቻቸው።

«አንተ ባለሙያ ነህ። ምን ይጎድላቸዋል?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። «ይቺ ላይ ፀሐዩ በዝቷል። ይቺኛዋ ትንሽ ተንቀሳቅሳለች...»

«ወላሂ ዕውር ነህ። እጇ የታለ?»

ደግሜ አየሁ። በአንዱ እጇ ቦርሳ ሥር ነው። በሌላው ሻርፗ ውስጥ። በሌላው ወደ ኋላ አድርጋዋለች፣ በሌላው እቅፍ አበባ ሸፍኖታል። ይህን ሁሉ ዓመት የሰው እጅ እያስቀመጥኩ እንጀራ የበላሁት ሰውዬ የእህቴ እጅ አለመኖሩን አላየሁም ነበር። አፈርኩ።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ልጄ» አለች እናቴ። «እኔ ወንበሬን ደብቄ እልክላታለሁ፣ እሷ እጇን ደብቃ ትልክልኛለች። ደህና ብትሆን ምን ያስደብቃታል? ያንን ትልቁን ስታወጣው ሰው ሁሉ ፊቱን ያበጃል። ትንሿን ያዝ። እጇን አሳየኝ። ደህና ካልሆነችማ እዚያ ውላ አታድርም።»

«አብሽሪ እማ፣ አይዞሽ» አልኳት። ትንሿን ያዝኩ።

መንገዱን የማስታውሰው በቁርጥራጭ ነው። ባቲን አልፈን ሜዳው ተከፈተ። ከሩቅ ውሃ ይታያል፤ ስንደርስበት አሸዋ ነው፤ ደግሞ ከፊት ሌላ ውሃ። መስኮቱን ተደግፌ እተኛለሁ፣ ስነቃ ያው ጥቁር ድንጋይ፣ ያው ሰማይ፣ ምንም ያልተጓዝን ይመስለኛል። ኬላው ላይ ቦርሳዬን ገለበጡት። ትንሿ ካሜራ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ነበረች፤ ማንም አልነካትም። በራሴ ብልጠት ተደስቼ ሳልጨርስ ጅቡቲ ገባን።

እህቴ በአንዲት ክፍሏ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከስታለች፣ ሽቶ ተቀብታለች። ስታቅፈኝ በክንዷ ነው ያቀፈችኝ፤ መዳፏ ጀርባዬን አልነካኝም። ከዚያ ራቅ አድርጋ ደረቴን አየች።

«ካሜራው የታለ?»

«ለመንገድ ከበደኝ።»

«እኔ ከሱቁ እስከ መኪናው ድረስ ተሸክሜው ስመጣ አልከበደኝም» አለችና ሳቀች። ሳቋ እውነተኛ ነበር፤ ቢሆንም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ትንሿን ከኪሴ አውጥቼ ሳሳያት «ታነሳለች እንዴ ይቺ?» ብላ እንደገና ሳቀች።

በየቀኑ ገና ሳይነጋ ትወጣለች። የምትሠራው የሆቴል አንሶላ ማጠብ ነበር። ስትመለስ የበረኪናው ሽታ ከእሷ ቀድሞ ይገባል፤ ወዲያው ሽቶ ትቀባለች። እጇን ለማየት ብዙ ሞከርኩ። ሻይ ስትሰጠኝ በሻርፗ ጫፍ ይዛ ነው። ስንበላ ከእኔ ቀድማ «ጠገብኩ» ትላለች። እኔም አልጠየቅኋት። ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር ያጥር ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ባሕር ዳር ወሰደችኝ። ባሕር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ የፎቶ ቤቴ ሸራ ላይ ካለው ባሕር ይልቅ ነጣ ያለና የደከመው ነበር። አንድ ግንብ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ስለ እናታችን ጠየቀችኝ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ቦርከና ወንዝ፤ ልጆች ሆነን ማዶ ተሻግረን ሸንኮራ እንሰርቅ እንደነበር አነሳችልኝ። ወሬውን ሳትጨርስ ድምጿ ቀነሰ። ዞር ስል ግንቡን ተደግፋ ተኝታለች። ሁለቱ እጆቿ ከሻርፑ ወጥተው፣ ጭኗ ላይ፣ መዳፋቸው ወደ ላይ ተከፍተው ነበር።

ቆዳው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ ቀይ ነው። የአንዱ አውራ ጣት ጥፍር የለም።

ያደረግኩትን ሳልደብቅ ልናገር። ብድግ አልኩ። ትንሿ ካሜራ ከቅርብ ካነሳህ ታደበዝዛለች፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ጥላ ስለሆነ ፍላሿ እንዳይበራ በጣቴ ሸፈንኩት። ብርሃኑ ከአሸዋው ተመልሶ ከሥር ፊቷን ያበራዋል፤ አንድ አልጋ ላይ ተጣብቀን ስንተኛ የነበራት የልጅነት ፊቷ ነው። ጠቅ። ትንሿ ካሜራ ድምጿ አይሰማም። ትልቁ ቢሆን ኖሮ ትነቃ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ቅጽበት ደስ አለኝ። ሙያተኛ የፈለገውን ሲያገኝ ደስ እንደሚለው።

«ተኛሁ እንዴ?» አለች በኋላ ዓይኗን እያሸች። እጇ ተመልሶ ገብቷል።

«ትንሽ።»

«ለእማ ደህና ናት በላት፣ እሺ?»

«እሺ» አልኳት። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ተሰናብቻት በዚያው ሾፌር መኪና መጣሁ። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ በክርኗ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ደሴ ገብቼ ራሴ አጠብኩት። በቀይዋ መብራት ሥር ወረቀቱ ውሃው ውስጥ ሲዋኝ መጀመሪያ ጨለማው ይወጣል፤ ከሁሉ ቀድመው የወጡት እጆቿ ናቸው። ባዶ ወረቀት ላይ ሁለት እጆች ብቻ ተንሳፍፈው፣ ቀጥሎ ሻርፑ፣ ቀጥሎ ግንቡ፣ መጨረሻ ፊቷ። እኔ በቀጭን እርሳስና በብሩሽ የሰው ጠባሳ ማጥፋት፣ ሽበት ማጥቆር አውቃለሁ። ተቀምጬ ሞከርኩ። ስንጥቁን ደፈንኩ፣ ለአውራ ጣቷ ጥፍር ሠራሁላት። ያምር ነበር። ለረጅም ጊዜ አየሁትና ቀደድኩት። ሌላ አተምኩ፤ ትልቅ አድርጌ፣ ምንም ሳልነካው። እውነቱን ይዤ ስለምሄድ ራሴን እንደ ጀግና እየቆጠርኩ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

እናቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ ያዘችው። እጆቹን በጣቷ ዳሰሰቻቸው፣ አንድ በአንድ። አላለቀሰችም። ታለቅሳለች ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት።

«ተኝታ ነው?»

«አዎ እማ። ደክሟት።»

«ይህን በዓይንህ አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... አነሳኋት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መጣሁ።»

እናቴ ፎቶውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ ያልገባትን ነገር እንደምትጠይቅ ሰው ነው የጠየቀችኝ።

«መኪናው ላይ ቦታ አልነበረም?»

ነበረ። በእኔና በሾፌሩ መካከል ያለው ወንበር ከጅቡቲ እስከ ኮምቦልቻ ባዶ ነበር። ያን ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሳ፣ እህቴ በር ላይ ቆማ ሳለ፣ ሾፌሩ ዞር ብሎ «ሌላ ሰው አለ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ» አልኩት፤ ቦርሳዬንም ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩ።