ውሾቹ የተዉልኝ ግልገሎች

ጦርነቱ ወደ እኛ ቀርቦ በተመለሰበት ዓመት፣ ባለቤት ያጡ ውሾች ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው አገር በመንጋ ይዞሩ ነበር። ምን በልተው እንደ ከረሙ ሁላችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን አልነበረም። ሰው ሲያዩ አይሸሹም። ድንጋይ ሲወረወርባቸው ድንጋዩን ትተው ወርዋሪውን ያያሉ።

እኔ ያኔ አራስ ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄ ሴት ስለሆነች ሰማንያ ቀን እስኪሞላ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም። ባለቤቴ ሳንቃ በር በሚባል ቦታ የፓርክ ጥበቃ ነው፤ ተረኛ ሲሆን ሁለት ሳምንት አይመጣም። አንድ እሁድ ጠዋት አማቴ ቅዳሴ ሲሄዱ ቤት የቀረነው እኔና ሕፃኗ ብቻ ነን። ከቤቱ ጀርባ፣ ጉረኖው ውስጥ፣ ሦስት እናት በጎች ነበሩን። ሁለቱ በዋዜማው ወልደዋል፤ ሦስተኛዋን ምጥ ጀምሯት ነበር።

በግ ሲያርዱት እንኳ ዝም ይላል ይባላል። ያን ቀን ጮኹ።

ልጄን መደቡ ላይ አስተኝቼ፣ እጄ የገባውን ዘነዘና ይዤ ሮጥኩ። የጉረኖው በር ተገንጥሎ ወድቋል። አራት ውሾች ናቸው። አንዷ በግ ጉሮሮዋ ተዘልዝሎ ተዘርግታለች፤ ግልገሏን አንዱ ውሻ ወገቡ ላይ ነክሶ እንደ ጨርቅ ያራግፈዋል። ዘነዘናውን አከርካሪው ላይ አሳረፍኩት። አጥንቱ ሲሰበር እጄ ላይ ተሰማኝ። የኋላ እግሮቹን እየጎተተ ወጣ። ሁለተኛው ቀሚሴን ነክሶ ሲጎትተኝ በጉልበቴ ወደቅሁ፤ ፊቱ ፊቴ ድረስ መጣ። የትንፋሹ ሽታ ዛሬም አልለቀቀኝም። እንዴት እንደ መታሁት አላውቅም፤ ብቻ መታሁት፣ ደግሜ መታሁት፣ መንቀሳቀስ ካቆመም በኋላ መታሁት። ሦስተኛው አጥሩን ዘሎ ጠፋ።

አራተኛው አልሸሸም። የጎረቤታችን ውሻ ነበር፤ ከእጄ እንጀራ የበላ። እስከ ዓይኑ ደም በደም ሆኖ ጅራቱን ቆላልኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

የወለዱት ሁለቱ በጎችና ውሻው ያራገፈው ግልገል ሞተዋል። የምታምጠው ግን ሆዷ ተቀድዶም ገና ትተነፍሳለች። ውስጧ የሚንፈራገጥ ነገር አየሁ። በእኛ አገር ሴት አታርድም፤ ዶሮም ብትሆን ወንድ ይጠራል። የምጠራው ወንድ አልነበረም። ቢላዋ አምጥቼ፣ በስመ አብ ብዬ ጉሮሮዋን ቆረጥኩ። ቀጥዬም ውሾቹ የጀመሩትን ሆድ ቀድጄ ጨረስኩ። ግልገሉ ምላሱ ጠቁሮ ወጣ። አፍንጫውን በአፌ መጥጬ ተፋሁ፤ በገለባ ፈተግሁት፤ የኋላ እግሮቹን ይዤ ወዘወዝሁት። አስነጠሰ። የሌላዋን በግ ግልገል ከሞተችው እናቱ ሥር ተሸጉጦ አገኘሁት።

ላማችን ነጥፋ ስለነበር ቤት ውስጥ ጠብታ ወተት የለም። ልጄ እያለቀሰች ነው፤ ጡቴ ቀሚሴን አርሶታል። ጡቴን ሲኒ ውስጥ አለብኩና ጨርቅ እየነከርኩ ግልገሎቹን አጠባኋቸው። አማቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ያገኙኝ እንዲህ ሆኜ ነው፤ ክንዴ እስከ ክርኔ ደም፣ ልጄ በአንድ ጎኔ፣ ግልገሎቹ በሌላው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያጠባሁ ነው፣ እማማ።»

«የልጅሽን ወተት?»

በአገጬ ወደ ጉረኖው አመለከትኳቸው። ሄደው ጉረኖውን አይተው መጡ። ነጠላቸውን አውልቀው ገና ያልደረቀውን ግልገል ጠቀለሉበት። «ሲኒውን ስጪኝ» አሉ። «አንቺ ልጅሽን ያዢ።»

ልጄን ለአማቴ ትቼ ወደ ጎረቤታችን የሄድኩት ደሙን ሳልታጠብ፣ ዘነዘናውን ይዤ ነው። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጠመንጃቸው ከጎናቸው ግድግዳውን ተደግፏል፤ ውሻው የፊቱን ደም ጠርጎ ልሶ፣ እግራቸው ሥር መዳፉን ይልሳል።

«ውሻዎ በጎቼን ጨረሰ» አልኳቸው።

«የኔ ውሻ ታስሮ ነው ያደረ። አራስ ነሽ፣ ሂጂ ቤትሽ ግቢ።»

«አፉን ከፍተው ይዩት።»

ተነሥተው ገፈተሩኝ። ከወደቅሁበት ዘነዘናውን ይዤ ስነሣ ጠመንጃቸውን አነሡ። አፈሙዙ ደረቴ ላይ፣ ወተት ባረሰው ልብሴ ላይ አረፈ። ሚስታቸው እሪ ብለው መካከላችን ገቡ።

«ልጄ ያሳደገው ነው!» ብለው ጮኹ ሽማግሌው። «ሌላ ምን ተረፈኝ?»

ልጃቸው በዚያው ዓመት ዘምቶ አልተመለሰም። እኔም አውቅ ነበር፤ ለቅሶው ላይ ተቀምጫለሁ። ቢሆንም ዘነዘናውን አላወረድኩም።

ሚስታቸው ጎንበስ ብለው የውሻውን ከንፈር ገለጡት። በጥርሶቹ መካከል የበግ ፀጉር ተሰክቷል። ሽማግሌው ብዙ ቆመው አዩት። ከዚያ አንገቱን በገመድ አስረው ወደ ጓሮ ወሰዱት። ተኩሱ ሦስት ነበር። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ውሻው ሲያላዝን ሰማን።

በማግስቱ ሚስታቸው ከላማቸው የታለበ ወተት ይዘው መጡ። የነቢያት ጾም ስለነበር የሚሻማን አልነበረም። ባለቤቴም ወሬውን ሰምቶ ከደባርቅ ሁለት ጡጦ ገዝቶ ደረሰ። ወተቱን እያሞቅሁ ቀንም ሌትም አጠጣኋቸው። በዘጠነኛው ቀን፣ ከእናቱ ሥር ያገኘሁት ግልገል ሆዱ ተነፍቶ፣ ጥርሱን እያፋጨ እቅፌ ውስጥ ሞተ። አማቴ ለአሞራ ይጣል ሲሉ እምቢ ብዬ ቀበርኩት። በቢላዋ ያወጣሁት ግን ጠነከረ። ጡጦ ሲያይ በግንባሩ ይወጋኛል፣ ጎማውን ነክሶ ይበጥሰዋል፤ ታፋዬ በልዞ ነበር። ሲመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ጥር ላይ ሚስታቸው ታመሙና ወተቱን ሽማግሌው ራሳቸው አመጡት። አስቀምጠው ይሄዳሉ ስል ቆሙ። ጡጦውን ሞልቼ ሰጠኋቸው። ግልገሉ በግንባሩ ሲገፋቸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉና በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙለት።

«ጉልበተኛ ነው» አሉ።

«ነው» አልኳቸው።

ወተቱ እስኪያልቅ ጡጦውን አልለቀቁትም።