ድምፅ የሌለው መፍጫ

አንድን የቤት ዕቃ እንደ ሰው ጠልታችሁ ታውቃላችሁ? ምንም ያልበደላችሁን፣ ዝም ብሎ የተቀመጠን ዕቃ፣ ባያችሁት ቁጥር ፊታችሁ እስኪጠቁር ድረስ? እኔን ባለፈው ሳምንት አጋጥሞኛል። ቤቴል በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ አንዲት ባልደረባዬ አዲስ የገዛችውን የቡና መፍጫ ከካርቶኑ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አቆመችው። በእጅ የሚዞር ነው። ከላይ ፍሬው የሚገባበት ጎድጓዳ ናስ፣ ከታች ዱቄቱ የሚጠራቀምበት ትንሽ የእንጨት መሳቢያ አለው። ማስረዳት እንደምወድ ስለምታውቅ፣ ጥሩ መሆን አለመሆኑን እንድነግራት ጠየቀችኝ። መያዣውን አንድ ጊዜ አዞርኩት። ጥርሶቹ ቀስ ብለው ተፋጩ፤ የብረትና የዘይት ሽታ አፍንጫዬን መታው። መልሼ አስቀመጥኩትና ሌላ እንድትገዛ መከርኳት። ለምን ስትለኝ ደወል ተደወለ፣ ክፍል ገባሁ። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ያደግሁት ኮልፌ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ጠባብ ግቢ። ግቢው የአንድ አከራይ ሲሆን፣ ተከራዮቹ እኛና የግድግዳ ጎረቤታችን ነበርን። የሚለየን የጭቃ ግድግዳ በጣም ስስ ስለነበር ከአንዱ ቤት ሲያስነጥሱ ከሌላው ቤት "ይማርሽ" ይባል ነበር። ጎረቤታችን ባላቸው የሞቱባቸው የስልጤ ሴት ነበሩ፤ ክንዳቸው ወፍራም፣ ምላሳቸው ሹል። እሳቸው ወደ መስጊድ፣ እናቴ ወደ ቸርች ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ግን ሁለቱም አንድ ረከቦት ዙሪያ ነው የሚገኙት። በሁለቱ ቤት መካከል የነበረውም ሙቀጫ አንድ ብቻ ነው። ባለቤቱ እሳቸው ይሁኑ እንጂ የሚውለውም የሚያድረውም እኛ ቤት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላብራራ። ሙቀጫ ድምፅ አለው። ዘነዘናው ሲያርፍ መሬቱ ይነቃነቃል፣ ጎረቤትም ቡና ሊፈላ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ የወቀጠች ሴት የሰማችውን ሴት መጥራት አለባት። የሰማችው ደግሞ እስክትጠራ ትጠብቃለች፤ ሳይጠሯት ዘው አትልም። ሰምታ ያልተጠራች ተሰድባለች፤ ወቅጣ ያልጠራች በሰፈሩ ፊት ጥፋተኛ ናት። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፣ የሚሽረውም አልነበረም።

ጠቡ የተነሳው የእህቴ ሽማግሌዎች የመጡ ቀን ነው። ጎረቤታችን ከማለዳ ጀምሮ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲወቅጡ አርፍደዋል። ሽማግሌዎቹ ጠጥተው ሲጨርሱ ከመካከላቸው አንዱ ቡናውን አመሰገኑ። ይሄኔ ጎረቤታችን ሳቁና "ሙቀጫውም የኔ፣ ክንዱም የኔ፤ የሷ ውሃው ብቻ ነው" አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እናቴም ሳቀች። ጥርሷ ሲታይ አንገቷ ላይ ያለው ጅማት ሲገተር ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እንግዶቹ እንደሄዱ ሙቀጫውን በሳሙና አጠበችው። ሙቀጫ በሳሙና አይታጠብም፤ እንጨቱ ሽታውን ይይዛል። ይህን እሷም ታውቃለች። አሸከመችኝና "አመሰግናለሁ ብላለች በያት፤ ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ" አለችኝ።

ጎረቤታችን በራቸው ላይ ቆመው ተቀበሉኝ። ሙቀጫውን አሸተቱት። ነገ ስንፈልገው ማን ሊያመላልሰው እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የታዘዝኩትን ምስጋና ብቻ ነገርኳቸው። ያኔ ገባቸው። ይቅርታ ይላሉ ብዬ ትንሽ ቆምኩ።

"ቀልድ ነው በያት" አሉኝ። "በቀልድ ይቅርታ አይጠየቅም።"

ይህን ለእናቴ ሳደርስ "ቀልዷን ትቀቅለው" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጦር ኃይሎች ወረድን። የቤት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብተን ባለሱቁ የኤሌክትሪክ መፍጫዎቹን ደረደረልን። የመጀመሪያውን ሰክቶ ሲያስነሳው እንደ ሞተር ብስክሌት ጮኸ። እናቴ ዱቄቱን አላየችም። "ውጪና በሩን ዝጊው፤ ይሰማ እንደሆነ ንገሪኝ" አለችኝ። ወጣሁ። ከታክሲ ረዳቶቹ ጩኸት በላይ ይሰማል። ሁለተኛው ተሰካ፤ እሱም ይሰማል። ሦስተኛው ላይ ባለሱቁ ትዕግሥቱ አለቀ።

"ማዘር፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስንት ይፈጫል ብሎ ነው። እርስዎ ስንት ይጮኻል ይላሉ?"

"አንተ ጎረቤት የለህም?" አለችው።

ባለሱቁ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ፣ በእጅ የሚዞር መፍጫ አወረደ። ናስ ጎድጓዳ፣ የእንጨት መሳቢያ። እናቴ ጥቂት ፍሬ ጨምራ፣ ሆዷ ላይ ደግፋ አዞረችው። ውጪ ቆሜ ምንም አልሰማሁም። በሕይወቷ ዕቃ ገዝታ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፤ ክፉ ደስታ ነበር።

ስለ መፍጫ ምርጫ አሁን ከተጠየቅኩ መልሱ ቀላል ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ርካሹ መፍጫ በምላጭ ስለሚቆርጥ ግማሹን አቧራ፣ ግማሹን ጠጠር ያደርገዋል። የእጁ በጥርሶች መካከል ስለሚያደቅ እኩል ያወጣል። ጥርሶቹን የሚያቀራርብ ብሎን አለው፤ ሲጠብቅ ይልማል፣ ሲላላ ይሻክራል። ለጀበና ከመጠን ያለፈ ልም አይሆንም፣ አይሰክንም። ሻካራም አይሆንም፣ ይቀጥናል። ታዲያ ጥሩ መፍጫ ነበር ማለት ነው። እናቴ ግን ብሎኑን ያላላችው ለጣዕም ብላ አይደለም፤ ሲላላ ድምፁ ስለሚቀንስ ነው። በጋቢ ጠቅልላ፣ በጉልበቶቿ መካከል ይዛ፣ ከግድግዳው በጣም በራቀው ጥግ ተቀምጣ ትፈጫለች። ቡናችን ቀጠነ። የሻይ ቅራሪ መሰለ። እንደዚያውም ጠጣነው።

አንድ ነገር ግን ረስታ ነበር። ፊዚክስ ነው የማስተምረው፤ ስለ ድምፅ ሳስተምር ግድግዳ ድምፅን እንዴት እንደሚያፍነው ለልጆቹ አስረዳለሁ። ሽታን ግን የጭቃ ግድግዳ አያፍነውም፤ ከጣሪያው ሥር ባለው ክፍተት ይወጣል። እናቴ መፍጫውን ዝም አሰኝታ ቡናውን በብረት ምጣድ ስትቆላ ሽታው ቀድሟት ማዶ ይደርስ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችን ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጡ ለልብሱ ይመስል "ዘንድሮ ቡና ተደብቆ የሚጠጣ ሆነ እንዴ? የሰረቁት ነው?" አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ቤት ውስጥ መቁላት ተወች። የተቆላ ቡና ከሱቅ መግዛት ጀመረች፤ የቆየ፣ ሽታው ያለቀ። እኔ እንዲህ ያለ ቡና ለምን እንደሚጠጣ ስጠይቃት "ማን ጠጪ አለሽ?" አለችኝ።

ጎረቤታችንም ዝም አላሉም። ሙቀጫውን አምጥተው ከግድግዳው ጋር አጣበቁት። አንድ እፍኝ ቡና ለመውቀጥ ያን ያህል ጊዜ አያስፈልግም፤ እሳቸው ግን ሲወቅጡ መደርደሪያችን ላይ ያሉት ሲኒዎች ይንቀጠቀጡ ነበር። ከዚያ ያቆማሉ። ፀጥ ይላል። የመጥሪያው ሰዓት ነው። አይጠሩንም። ሆን ብለው ወቅጠው፣ ሆን ብለው አሰምተው፣ ሆን ብለው ይተውናል። እናቴ በዚያ ፀጥታ ውስጥ ድንች እየላጠች ልጣጩን ታወፍረዋለች። የሚወቀጠው ቡናው ሳይሆን እኛ እንደሆንን ሁላችንም ገብቶናል።

ረመዳን ሲገባ ቀን ቀን ከማዶ ያለው ድምፅ ጠፋ። እናቴ የምትፎክርበት ወር ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን መፍጫውን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው፤ የማታው አዛን እስኪል አላወረደችውም። በፊት፣ በሰላሙ ጊዜም፣ ለጎረቤታችን ጾም ብላ ቀን ቡና አትጠጣም ነበር። ለምን እንዳልጠጣች ስጠይቃት ራሷን እንደሚያማት ነገረችኝ። ራሷን ያመማት ባለመጠጣቷ ነበር።

እንዲህ ሆነን ዓመት ሊሞላን ሲል አከራያችን ግቢውን ሸጡት። ሁለታችንም እንድንወጣ ተነገረን። እኛ ወደ ቤቴል፣ ጎረቤታችን ወራቤ ካለው ልጃቸው ዘንድ። ቀድመው የሚሄዱት እሳቸው ነበሩ።

የሚሄዱበት ዋዜማ እናቴ ጥሬ ቡና ገዝታ መጣች። ጠዋት አይሱዙው ግቢው በር ላይ ቆሞ ጫኞች ዕቃ ሲያወጡ፣ እሷ ከሰሉን ደጃፋችን ላይ አያይዛ ቡና ቆላች። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታለች። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ጎረቤታችን በር ሄደ። ከዚያ መፍጫውን አወረደች፤ ጋቢውን አላለበሰችውም። ብሎኑን አጠበቀችና በጉልበቷ ይዛ አዞረች። ክንዷ እስኪዝል በኃይል አዞረችው። የአይሱዙው ሞተር እንደበራ ነበር። አጠገቧ ቆሜ እንኳ መፍጫውን በደንብ አልሰማሁትም።

ጎረቤታችን ግቢው መካከል ቆመው አየሩን አሸተቱ። ወደኛ አልዞሩም። ጭነቱ ከአንድ የተጠቀለለ ፍራሽ በቀር አልቆ ሳለ፣ ክፍሉ ውስጥ የቀረ ነገር እንዳለ እንዲያዩ ጫኞቹን ላኩ። ምንም የለም ብለው ተመለሱ። ደግመው ላኳቸው። እሳቸው ፍራሹ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው፣ ተቀመጡ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

እናቴ ጀበናውን ጥዳለች። ከእኛ ቁጥር አንድ ሲኒ ጨምራ ደርድራለች።

"ልጥራቸው?" አልኳት።

"አፍንጫ የላትም?" አለችኝ። ክንዴን ይዛኛለች። እጇ ትኩስ ነበር፤ አለቀቀችኝም። "ከመጣች ትምጣ። በሩ ተከፍቷል።"

ሳይጠሩ እንደማይመጡ እሷም ታውቃለች። እሳቸውም እንደምታውቅ ያውቃሉ። ጀበናው ፈላ፤ ገነፈለ፤ ከሰሉ ላይ ሲፈስ ሽሽ አለ።

ጎረቤታችን ከፍራሹ ላይ ተነስተው አስጫኑት። ነጠላቸውን አራገፉ። ጮክ ብለው፣ ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣ ለሾፌሩ "በል እንሂድ፤ የሚጠራን የለም" አሉ።

እናቴ አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣትም። መኪናው ወደኋላ ብሎ ዞረ፤ የጭስ ማውጫው ሽታ የቡናውን ሽታ ዋጠው።

ከዚያ ተቀምጣ ቀዳች። ትርፉንም ሲኒ ሞላችው። አቦሉን ጠጣን። ያን ዓመት ሁሉ ከጠጣነው ቡና የሚጥም እሱ ነበር፤ ይህን ለመናገር የደፈረ የለም። ቶናውንም፣ በረካውንም ጠጣን። ማንም ያልነካው ሲኒ ስስ ሽፋን ያዘ። እናቴ መጨረሻ ላይ አንስታ ደፋችው፤ ደጃፋችን ላይ ሳይሆን እዚያ ባዶው ቤት ደጃፍ ላይ።

እንግዲህ መፍጫ ግዙ አትግዙ አልላችሁም፤ የየትኛውንም ጥቅምና ጉዳት ለሚጠይቀኝ አስረዳለሁ። የምለምናችሁ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ቡና ስታፈሉ ያኮረፋችሁት ጎረቤት ካለ ሽታ አትላኩበት፣ በር ከፍታችሁም አትጠብቁት። ደጃፉ ድረስ ሂዱና በስሙ ጥሩት። ላይመጣ ይችላል። እስኪ አንድ ጊዜ ሞክሩት።